የደወሉ ከተማ ወይስ ነጯ መርከብ

ሙጭጭ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ልጅ ሆና አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ ቢለማመጧት፣ ቢቆጧት፣ ቢያሾፉባት ወይ ፍንክች። ዛሬ አርባን ልትደፍን ጥቂት የቀራት ሴት ናት፣ ስሙ ግን አብሯት አድጓል። ደንበኞቿ ሳይቀሩ «ሙጭጭ ጋ ውሰደው» ይባባላሉ።

ሥራዋ የመኪና ወንበር ማልበስ ነው። ሱቋ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ መጨረሻ፣ ከጎማ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ከመኪና ተነቅለው የወጡ ወንበሮች በረንዳው ላይ ተደርድረው ሲታዩ ተሳፋሪ የጠፋበት አውቶቡስ ይመስላሉ። ውስጥ ጥቅል ቆዳ፣ ስፖንጅ፣ የማስቲሽ ሽታና እንደ ወይፈን የምታጓራ አንዲት ከባድ የስፌት ማሽን አሉ። የቀኝ አውራ ጣቷ ከወስፌው ብዛት ደድሮ ቀንድ ሆኗል። እኔ ከፊት ለፊቷ መነጽር እሸጣለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አሻግሬ አያታለሁ፤ አንድ መስመር ከተንጋደደባት፣ ማንም የማያየው ቦታ ቢሆን እንኳ፣ ፈታ እንደገና ትሰፋዋለች። ያን ስታደርግ ደግሞ ታፏጫለች። የምታፏጨው የጌም ዜማ ነው።

የጌሙ ነገር የተጀመረው በአጎታቸው ነው። የእናታቸው ታናሽ ወንድም ጭነት መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመጣ የጌም ማጫወቻና ሁለት ካሴት ይዞላቸው መጣ። ካሴቶቹ የጃፓን ናቸው። ተኩስ የለ፣ የመኪና እሽቅድድም የለ። ሰውዬህን ይዘህ ከከተማ ከተማ ትዞራለህ፣ ያገኘኸውን ሁሉ ታናግራለህ፣ ጓደኛ ታሰባስባለህ፣ አውሬ ሲገጥምህ አንዴ አንተ አንዴ እሱ እያላችሁ በተራ ትማታላችሁ። ዋናው ነገር ወሬው ነው። ወሬው ደግሞ ከላይ እስከ ታች በጃፓንኛ ነው።

ሁለት ልጆች ይህን ሁሉ ጽሑፍ እያዩ ምን ያድርጉ? ፈጠሩት። ኮፍያ ያደረገው ሌባ ነው፤ የምታለቅሰዋ ሴት ልጇ ጠፍቶባት ነው፤ ንጉሡ ጥርሱን ያመዋል። ታሪኩን በየፊናቸው እየገመቱ፣ በግምታቸውም እየተጣሉ አደጉ።

ከሁለቱ ጌሞች ወንድሟ ነጯን መርከብ መረጠ። ባሕሩን፣ ደሴቶቹን፣ መርከቧን የሚመራውን ነጭ ጢም ካፒቴን ወደደ። ካፒቴኑ መሃል ላይ አንድ ደሴት ላይ ይወርድና ይለያቸዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ወደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ይታያል፤ ወንድሟ ያ ሽማግሌ ካፒቴኑ ነው፣ እንዳለው ተመልሶ ነው የመጣው ይላል። አጎታቸውም ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «ስመለስ ማን እንደጨረሰ አያለሁ» ብሎ ነበር የሄደው። አልተመለሰም። ሞተ እንዳይሉ የነገራቸው የለ፤ አለ እንዳይሉ ድምፁ ጠፋ። ወንድሟ ያንን ጌም ስንት ጊዜ እንደጨረሰው ቆጥሮ የሚያውቅ የለም።

ሙጭጭ ደግሞ የደወሉን ከተማ መረጠች። ትልቅ ደወል ያለው ከተማ ነው፤ ደወሉ መደወል አቁሟል። የጌሙ ግማሽ ላይ የከተማው በር አለ። በሩ ሥር አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ስታናግራት አንድ ነገር ትጠይቅህና የፊደል ሰሌዳ ይመጣል፤ ፊደል በፊደል መልስ እንድትጽፍ ነው። ሙጭጭ ሺህ ነገር ጻፈች። እንደ መጣላት ጻፈች፣ ከካሴቱ ሽፋን ላይ አይታ ገለበጠች፣ ዓይኗን ጨፍና ጻፈች። አሮጊቷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ በሩ ዝግ ነው።

«ያንቺ ጌም መጨረሻ የለውም፤ ፋብሪካው ረስቶት ነው» ይላት ነበር ወንድሟ።

እንግዲህ እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ፣ እሷ ወንበር ሰፊ ሆነች፣ ክርክሩ ግን እንዳለ ቀረ። ቅዳሜ ከሰዓት ኢንጂነሩ ጋ እንሰበሰባለን። ኢንጂነሩ ስንል ቴሌቪዥን ጠጋኙን ነው፤ ማዕረጉን የሰጠነው እኛው ነን። ሱቁ ውስጥ ጀርባቸው እንደ ምድጃ የወፈረ አሮጌ ቴሌቪዥኖች አሉ፤ የድሮ ጌም በእነሱ ላይ ካልሆነ አያምርም ባይ ነው። አግዳሚው ላይ ተደርድረን የትኛው ጌም ይበልጣል ስንል እናመሻለን። ያችን ቅዳሜም የጀመረው ወንድሟ ነበር።

«የጌም ሁሉ ንጉሥ ነጯ መርከብ ናት። ሙዚቃዋን ብቻ ስሙ! ማዕበሉ ሲነሳ ከበሮው ይገባል። የሙጭጭ ግን እንቅልፍ ነው የሚያመጣው።»

«እንቅልፍ ላንተ» አለች። «ያንተን አንድ ቁልፍ እየጨፈለቁ መጨረስ ይቻላል። እኔ ጋ ሳታስብ ከመታህ ሁሉንም ጓደኞችህን ቀብረህ ነው የምትመለሰው።»

«ውጊያ ምን ያደርጋል? ጌምን ጌም የሚያደርገው ሰው ነው። ካፒቴኑን አስቢው።»

«ጥሏቸው የሄደውን ሽማግሌ?»

«ተመልሷል አልኩሽ እኮ! ወደቡ ላይ የቆመው ማን መሰለሽ?»

እኔም ስለምወደው ስለ በረዶው ተራራ ጌም አንድ ቃል ልጣል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ማንም አላየኝም። ኢንጂነሩ መበየጃውን አስቀመጠና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«አንድ ነገር ልናገር» አለ። «እሱ ጌሙን ጨርሷል፤ አንቺ አልጨረስሽም። ግማሹን ያየሽውን ፊልም ከሙሉው ይበልጣል ብለሽ ትከራከሪያለሽ? ጨርሺና ነይ።»

 የሙጭጭ ፊት ቲማቲም መሰለ። ወንድሟ ነገሩ ከረር እንዳለ ገባውና ስልኩን አወጣ።

«በቃ እኔ ልፈልግልሽ። ይህን ጌም የጨረሰ ሰው ዓለም ላይ አይጠፋም። ቃሏን ልስጥሽና ግቢ።»

«እንዳትነካ!» ስልኩን ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት። «ያቺ ሴትዮ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። ጥያቄዋን ሳልሰማ መልሱን ከሰው አፍ ተቀብዬ ልለፍ? ምን እንደምትለኝ አውቄ ነው የማልፈው።»

ኢንጂነሩ የራሱን ስልክ ካሜራ ጌሟ ወደ ተከፈተበት ስክሪን አዙሮ እንዲተረጉምላት ሞከረ። እነዚያ በነጠብጣብ የተሠሩ አሮጌ ፊደላት ለስልኩም አልገቡትም መሰለኝ፣ «ደወሉ ትናንት ላም ዋጠ» የሚል ነገር አወጣ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ግን ሐሳቧን ቆርጣ ነበር።

በሳምንቱ፣ መሃል ከተማ ካለ የቋንቋ ማስተማሪያ ቤት ተመዘገበች። ከሥራ በኋላ የሚሰጥ ክፍል ነው። ተማሪዎቹ ገና ጺማቸውን ያላበቀሉ ናቸው። አስተማሪዋም በዕድሜ ከእሷ የምታንስ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ለምን እንደሚማሩ ተናገሩ፤ አንዱ ለስኮላርሺፕ፣ አንዷ ለሥራ። ተራው ሙጭጭ ጋ ደረሰ።

«እርስዎስ?»

«አንድ በር ለመክፈት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋ አልሳቀችም፤ «ጥሩ ምክንያት ነው» አለችና ቀጠለች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል መሰላት። ጃፓኖች ካሏቸው ፊደላት አንደኛዎቹ እንደኛው ናቸው፤ ካ ለብቻው፣ ኪ ለብቻው፣ ኩ ለብቻው። «ሀ ሁን የቆጠረ ሰው ይሄ ምን ያቅተዋል?» እያለች በየሱቁ ታወራ ነበር። ከዚያ ሥዕል መሰሎቹ ፊደላት መጡ። እያንዳንዳቸው እንደ ቤት ፕላን ናቸው፤ ብዛታቸው ደግሞ መጨረሻ የለውም። በፈተናው ከሁሉም ኋላ ወጣች። አስተማሪዋ ለብቻዋ ጠርታ፣ እንዳይከፋት ቃል እየመረጠች፣ «ከመጀመሪያው ደረጃ እንደገና ቢጀምሩ ምን ይመስልዎታል?» አለቻት።

«እጀምራለሁ» አለች ሙጭጭ። አላንገራገረችም። በሚቀጥለው ዙር አዲስ ልጆች ሲገቡ እሷ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ከእኔም የማንበቢያ መነጽር የገዛችው ያኔ ነው።

ሱቋ ትምህርት ቤት ሆነ። ቆዳ ላይ መስመር በምታሰምርበት ጠመኔ ፊደል ትለማመዳለች፤ ትጽፋለች፣ በክርኗ ትጠርጋለች፣ ትጽፋለች። አንድ ቀን አንድ ታክሲ ነጂ ትናንት የወሰደውን መኪና እያጣደፈ መልሶ አመጣ።

«ኧረ ባክሽ! ወንበሬ ሥር ድግምት ተጽፏል!»

ጎንበስ ብላ አየች። ሳትጠርገው የቀረ ፊደል ነው። «ድግምት አይደለም፤ ‹በር› ማለት ነው።»

«በር ወንበሬ ሥር ምን ይሠራል?»

«መውጫ ነዋ» አለችና ጠረገችለት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ አይሄድም።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልክ አገናኝ ነበሩ። መጀመሪያ «ልጄ፣ ሰው በዚህ ዕድሜው የሚማረው መኪና መንዳት ነው» ብለው ነበር። በኋላ ልጃቸው ወጥ ስትሠራም፣ ልብስ ስትተኩስም ስታጉተመትም ሲሰሙ ዝም ማለት አልቻሉም። በቆዳ ቁራጭ ላይ የተጻፉትን ፊደላት አንድ በአንድ እያነሱ ይጠይቋት ጀመር። ስትሳሳት «አይደለም!» ይላሉ።

«እማዬ፣ አንቺ በምን አወቅሽው?»

«እኔ ጃፓንኛ አላውቅም። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ድምፅ ግን አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ምን ሳዳምጥ የኖርኩ ይመስልሻል? እንደገና በይው።»

ሦስተኛውን ደረጃ ስታልፍ በሩ ፊት ለመቆም ተዘጋጀች። ካሴቷን ብትከፍት ግን ምንም የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቃት የጌሙ ሰውዬ ጠፍቷል። ካሴቱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለች፤ የተጫወትከውን የምታስታውሰው እሷ ናት፤ ሞታለች። ኢንጂነሩ ካሴቱን ፈትቶ አሳያት፣ አዲስ ባትሪ በየደላት።

«የድሮው አይመለስም?»

«አይመለስም። ከዜሮ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ዓይኗ ውሃ ሞላ። ወንድሟም ነበር፤ ለማሾፍ የሚመች ቀን እንዳልሆነ ያውቃል፣ ጣቶቹን እያንቋቋ ወደ ውጭ አየ። ትንሽ ቆይታ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች።

«ይሁን። ያኔስ ምኑን አነበብኩት? ጭራሽ ደህና ሆነ።»

እንደገና ጀመረች፤ አሁን እያነበበች። የቅዳሜ ስብሰባችን መልኩን ቀየረ። እሷ ትጫወታለች፣ እኛ እንሰማለን፣ በየመስመሩ እየቆመች ታወራልናለች። የልጅነታቸው ታሪክ ሁሉ ፈረሰ። ባለኮፍያው ሌባ ሳይሆን ደወል ሠሪው ነው፤ የሚደበቀው ደወሉን ስለሰነጠቀ አፍሮ ነው። የምታለቅሰዋ ሴት የምታለቅሰው ሽንኩርት ስለምትሸጥ ነው። የንጉሡን ጥርስ ግን በትክክል ገምተው ነበር፤ በእውነትም ያመዋል።

«አየሽ!» አለ ወንድሟ። «ንጉሡን ያወቅኩት እኔ ነኝ!»

በሩ ላይ የደረሰችው አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ እናቷ ሳሎን ውስጥ ነው። ወንድሟና እኔ ሶፋው ላይ ነን፤ እናትየው ሹራብ ይሠራሉ። ሙጭጭ አሮጊቷን አናገረች። ጽሑፉ ፊደል በፊደል ወጣ። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበችውና ቀና አለች።

«ምን አለች?» አለ ወንድሟ።

«‹ሁሉም በዚህ ያልፋል፤ ማንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ስሜ ማን ነው?› ነው የምትለው።»

እናትየው ሹራባቸውን አቆሙ። «ውይ ምስኪን። ይህን ሁሉ ዓመት?»

ሙጭጭ ደወል ሠሪው ከተደበቀበት ጎጆ ስትገባ፣ እናቱን በስም ጠርቶ «ደህና ትሆን?» ሲል አንብባ ነበር። ያኔ ያለፈችው እንደ ተራ ወሬ ነው፤ አሁን አሮጊቷ ያቺው እናት መሆኗ ገባትና ፊደሎቹን አንድ በአንድ መረጠች።  አሮጊቷ ተነሳች። በሩ ተከፈተ።

ወንድሟ ከሶፋው ዘሎ ተነሳና የታናሽ እህቱን ጭንቅላት ይዞ ሳማት። እናትየው አጨበጨቡ። እኔ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም፤ ጎረቤት ግድግዳውን እንደደበደበብን ግን አስታውሳለሁ።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ እሷም አልደበቀችውም። ከበሩ ወዲያ ያለው ጌም አይረባም። ያው ዋሻ ቀለሙ ተቀይሮ ይመጣል፣ ያው አውሬ ስሙ ብቻ ተለውጦ ይመጣል። የሠሪዎቹ ጊዜ አልቆባቸው የጨረሱት ነው የሚመስለው። ወራት ፈጅታ፣ እየተበሳጨችም ቢሆን ጨረሰችው። ደወሉ ተደወለ፣ የሰዎች ስም ዝርዝር አለፈ፣ አለቀ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ኢንጂነሩ ሱቅ ገብታ ቆመች።

«ጨርሼ መጥቻለሁ» አለች። «ፍርዴን ስሙ። የደወሉ ከተማ እስከ በሩ ድረስ ከዓለም ጌም ሁሉ ይበልጣል። ከበሩ ወዲያ ዝተት ነው።»

ወንድሟ የሚጨፍር መስሎን ነበር። አልጨፈረም። አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲያው የእኔንም አንብቢልኝ» አለ።

ነጯን መርከብ ጀመሩ። እሱ ይጫወታል፣ እሷ ታነባለች። አንዳንዴ ከሥራ እንደወጣ የሹፌር ሸሚዙን ሳይቀይር ይመጣል። እሱ ያልገባው ቀልድ ሲነበብለት እንደ ልጅ ይስቃል። ካፒቴኑ በየምዕራፉ የሚተርተው ተረት ነበረው ለካ፤ ወንድሟ እያንዳንዱን ሁለቴ ያስነብባታል። እንደዚህ እያሉ ደሴቱ ላይ ደረሱ። ካፒቴኑ ከመርከቧ ወረደ፣ ዞረ፣ መናገር ጀመረ።

ሙጭጭ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ምነው?»

«ቆይ፣ አንድ ፊደል ጠፍቶኝ ነው።»

አልጠፋትም። በኋላ ለእኔ እንደነገረችኝ ሁሉንም አንብባዋለች። አንድ ቃል ብትለውጥ ማን ያውቅባታል? ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚያነብ የለም። ወንድሟ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቷን ሲያነብ ነው የኖረው፤ ፊደል አያስፈልገውም።

«አንብቢ» አላት። «እንዳለ አንብቢው።»

አነበበችለት። «‹እኔ እዚህ እወርዳለሁ። አልመለስም። አትጠብቁኝ፤ የሚጠብቅ ሰው መርከብ አይነዳም። መሪውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።›»

ወንድሟ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ስክሪኑ ላይ ካፒቴኑ ባሕሩን እያየ ቆሟል፣ ማዕበሉ ይመጣል ይሄዳል።  ወንድሟ ለረጅም ጊዜ ካፒቴኑን አየው።

«ቢያንስ» አለ በመጨረሻ፣ «ይሄኛው ነግሯቸው ነው የሄደው።»

ከዚያ ጆይስቲኩን አነሳ። ወደቡ ላይ የቆመው ሽማግሌም ቢሆን፣ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ፣ የወደቡ ዘበኛ ሆኖ ተገኘ፤ «እዚህ መርከብ ማቆም ክልክል ነው» ነው የሚለው። ወንድሟ እስኪያስለው ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። እስከ ዛሬም ነጯ መርከብ ትበልጣለች ይላል፣ ምክንያቱ ብቻ ተለውጧል። ድሮ «ካፒቴኑ ስለሚመለስ» ይል ነበር፤ አሁን «ባይመለስም መርከቧ ስለምትሄድ» ይላል።

ነጯን መርከብ በቋንቋችን እናድርጋት ያለው እሱ ነው። ሙጭጭ እስኪጨርስ አልጠበቀችውም፣ «እሺ» አለች። ኢንጂነሩ ካሴቱ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር አውጥቶ መልሶ የሚያስገባበትን ዘዴ፣ ብዙ ካሴት አበላሽቶ፣ ተማረ። ከባዱ ፊደሉ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል እፍኝ በማይሞሉ ነጠብጣቦች መሣል አለበት፤ ጨ ከጩ፣ ጩ ከጪ እንዲለይ። ሙጭጭ ቁጭ ብላ ባለ ትንንሽ ካሬ የጥልፍ ወረቀት ላይ ሁሉንም አንድ በአንድ ሣለቻቸው። አንድ ነጠብጣብ ከተንጋደደባት ትሰርዛለች፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እናቷ እየተቀበሉ ያነቧቸዋል፤ ካላነበቧቸው ውድቅ ነው። አስተማሪዋም የከበዱ መስመሮችን ስታቃናላት ቆይታ፣ በኋላ ራሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር።

በመጨረሻ ሳይተረጎም የቀረው የካፒቴኑ የመጨረሻ የስንብት ቃል ነበር። አስተማሪዋ ሽማግሌዎች የሚሰነባበቱበት የድሮ ቃል ነው አለች። በእኛ ምን እንበለው? ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅንበት።

«‹በደህና ቆዩኝ› ይበል» አለ ኢንጂነሩ።

«እሱማ እመለሳለሁ ማለት ነው» አለች ሙጭጭ። «አልመለስም ካለ በኋላ እንዴት ቆዩኝ ይላል?»

«‹ደህና ሰንብቱ›ስ?» አልኩ እኔ።

«እሱም ቀጠሮ ያለው ይመስላል። ለጥቂት ቀን የሚለይ ሰው ነው እንዲህ የሚለው» አለች።

 ወንድሟ ተነሳ፣ ኢንጂነሩን ከወንበሩ አስነሳው፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። በአውቶቡስ መሪ የደደሩት ጣቶቹ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ «ደህና ሁኑ» ብለው ጻፉ።

«ይሄ ነው» አለ። «ሌላ የለውም።»

ማንም አልተከራከረም። ኢንጂነሩ ካሴቱ ላይ ጻፈው፣ በአሮጌው ቴሌቪዥን ከፈትነው፣ ሁላችንም ተጠጋን። ካፒቴኑ ደሴቱ ላይ ወረደ፣ ዞረ፣ ልጅ በሣለቻቸው፣ እናት ባረጋገጧቸው ፊደላት ተናገረ። ሙጭጭ ዓይኗን ከነጠብጣቦቹ አልነቀለችም፤ አንድ የተንጋደደ እንዳይኖር እያየች ነው። ወንድሟ መስመሩን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ በራሱ፣ ያለ አንባቢ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነና መርከቧን ከደሴቱ አነሳ።